ቁልቁል የወረደው በረንዳ

ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ለምን ሽቅብ ሽቅብ እንደሚለው አላውቅም። ድሃ ሳለ ገበያው ዳር፣ ወንዙ አጠገብ ይኖራል፤ ትንሽ ሲያልፍለት ዓይኑ ኮረብታ ላይ ይተከላል። እናንተም ብታገኙ እንደዚያው ናችሁ፤ አትካዱ።

የምታሳድገኝ አክስቴ የሻረግ ደብረ ማርቆስ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ ኖራ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ አቀበት ላይ ቤት ሠራች። ቤት ስላችሁ ቤት ነው! መስኮቱ ከወለል እስከ ጣሪያ መስተዋት፣ ፊቱ ባለ አምድ በረንዳ። እዚያ ሆኖ ከተማው ሁሉ ይታያል። ችግሩ፣ ከተማውም እኛን ያያል። እንደ እኔ ሰው ለሚያፍር፣ መስተዋት ቤት ውስጥ መኖር ዳቦ ቤት መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ነው።

ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ወደ በረንዳው ጥግ እሸሻለሁ። በሐምሌ አንድ ቀን እንግዶች ሳሎኑን ሞልተው ቤቱን ሲያደንቁ፣ እኔ በረንዳው ላይ ምስር ስለቅም፣ በረንዳው ከቤቱ ተላቀቀና ጉዞ ጀመረ። ተሰባብሮ አልወደቀም። እንደ ሙሽራ በቀስታ፣ ከነአምዱ፣ ከነወንበሩ፣ ከነእኔ በጭቃው ላይ ቁልቁል ተንሸራተተ። መጮህ ነበረብኝ። ግን በእንግዳ ፊት እንዴት ይጮኻል?

ከታች ጎረቤታችን አያ ደሳለኝ ድንቻቸውን ይኮተኩታሉ። በረንዳው አጠገባቸው ሲቆም፣ ዝም ማለት ነውር ሆነብኝ።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ?»

«እግዜር ይመስገን። ምነው ልጄ፣ ከነቤትሽ መጣሽ?»

አክስቴ እየሮጠች ወረደች። «በረንዳዬን ይመልሱ!»

«እኔ መች ወሰድኩት? በእግሩ መጣ። እንግዳ ይባረራል?»

ዋናው ጣጣ በረንዳው አልነበረም። የሳሎኑ ግድግዳ ተሰንጥቋል፤ ድጋፍ ግንብ ካልተሠራለት ቤቱም በረንዳውን ሊከተል ነው። ግንቡ ደግሞ የሚያርፈው በአያ ደሳለኝ መሬት ላይ ነው። እሳቸው «በረንዳውን ትተውልኝና ግንቡን ትሥራ» አሉ። አክስቴ «ሞቼ እገኛለሁ» አለች።

ሽማግሌዎች ተጠሩ። ሽምግልና እኛ ዘንድ ዛፍ ሥር ነበር፤ በክረምት ግን ምድሩ ሁሉ ጭቃ ነው። ደረቅ ቦታ የተገኘው ጠብ ያስነሳው በረንዳ ላይ ብቻ ሆነ። ተቀመጡ። ተመቻቸው። ነገሩን ለእሁድ ቀጠሩት። እሁድም ለሚቀጥለው እሁድ ቀጠሩት። ሽማግሌ መቀመጫው ከተመቸው ፍርዱ ምን ያስቸኩለዋል? ስንጥቁ ግን ቀጠሮ አያውቅም፤ እጄን የሚያስገባ ሆነ።

በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ መሪጌታው፣ ወደ ላይ ቀና አሉ። «ደሳለኝ፣ በረንዳው በእግሩ መጣ አልክ። ሳሎኑስ ሲመጣ?»

«ሳሎን ማን ይጠላል፤ ብቻ ልጆቼ ተኝተው...» አሉና አያ ደሳለኝ ፊታቸው ተለወጠ። ጎጇቸው ከድንቹ ማሳ በታች ነው።

አክስቴም ቀና አለች። ያን ሁሉ ጊዜ ስትኖርበት ቤቷን ከታች ሆና ቀና ብላ አይታው አታውቅም። መስተዋቱ ሰማዩን ተሸክሞ ያበራል።

«እንዲህ ያምራል እንዴ?» አለች፣ ዕንባዋ መጥቶ።

«እኛማ በየቀኑ እናየዋለን» አሉ አያ ደሳለኝ።

ግንቡ ተሠራ፤ በረንዳው እዚያው ቀረ። አሁን አክስቴ ከሥራ ስትመለስ ቤቷን ለማየት ቁልቁል ትወርዳለች፤ አያ ደሳለኝ «ግቢ» እስኪሏትም ደጅ ቆማ ትጠብቃለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሽማግሌዎቹ በረንዳውን ቀድመው ይሞሉትና፣ ያን የመሰለ ቤት ያላት ሴትዮ መቀመጫ ታጣለች።