በጋሼ ባልቻ እጅ የቆመው ሥዕል

አባቴ "እጅህን ስትጭን መቼ እንደምታነሳ አስብ" ይል ነበር። ለሁሉም ነገር የሚለው ይህንኑ ነው። ሰው ሲጣላ ልገላግል ስነሳ ይለኛል፤ ጭቃ የያዘው የሰው መኪና ልግፋ ስል ይለኛል፤ አንዴ እንዲያውም ከእናቴ ድስት ሥጋ ልሰርቅ እጄን ስሰድ ይህንኑ ብሎ ከመለሰኝ በኋላ ሥጋውን አውጥቶ ራሱ በላው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም። ከአባቴ የወረስኩት ሀብት ቢኖር ይህ አባባል ነው፤ እሱንም በጊዜው አልተጠቀምኩበትም።

መቼም እኛ ሶዶ የምንኖር አማኞች የማንጸልይበት ነገር እንደሌለ ታውቃላችሁ። አዲስ ባጃጅ ሲገዛ እጅ እንጭንበታለን። ሱቅ ሲከፈት መቃኑን ይዘን እንጸልያለን። ተማሪው ለማትሪክ ሲቀርብ ራሱ ላይ፣ ላሟ ወተት ስትከለክል ጀርባዋ ላይ። ነቀፋ አይደለም። እኔም ሳልጸልይ ሬዲዮ ፈትቼ አላውቅም። ጸልዬባቸው የባሰባቸው ሬዲዮኖች የሉም አልልም፤ እሱን ባለቤቶቹ ይናገሩ።

ነገሩ የሆነው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሶዶ ገብቶ፣ ቦርጫሙ ቴሌቪዥን ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ዶሮ ቤት መሰደድ በጀመረበት ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ደግሞ ገበሬው፣ ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ለአምስት የተደራጀበት ነበር። አንዱ ለአምስቱ ያስተምራል፣ አምስቱ ለአንዱ ሪፖርት ያደርጋሉ። እኔ እንዳየሁት ግን በአንድ ለአምስት ዕቅዷን ከመቶ በላይ የፈጸመችው ወሬ ብቻ ነች።

መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ማይክሮፎንና ስፒከር የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ከሱቄ ቀጥሎ ክብሩ የሚባል የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጎረቤት አለኝ። አያቱ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ እሱ ግን ወላይትኛውን ከእኔ በላይ ያቀላጥፈዋል። ሚስት ያገባ፣ ሁለት ልጅ ያሳደገ፣ ኮሌታው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን በባጃጅ ብረት ለበስ ሣጥን ጭኖ መጣ። ለአራት አወረድነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተወገደ ዕቃ ሲሸጥ አግኝቶት ነው።

ቴሌቪዥን መስሎኝ የአንቴና መሰኪያ ፈለግኩ፤ የለውም። ቻናል መቀየሪያ ፈለግኩ፤ የለውም። ድምፅም አያወጣም።

"ታዲያ ይሄ ምን ያደርጋል?" አልኩት።

"ያሳያል" አለኝ።

ለካ የቴሌቪዥን ሥራ ሰዎች የቀረጹትን አጥርተው የሚያዩበት ሞኒተር ኖሯል። ክብሩ የፈለገው ደግሞ ኮምፒውተሩን ከዚህ ጋር አገናኝቶ በልጅነቱ የሚያውቀውን ጌም ሊጫወትበት ነው። ልጅ ሆኖ ክረምቱን አዲስ አበባ አጎቱ ቤት ሲያሳልፍ የጀመረው ጌም ነው። ቀይ ካናቴራ የለበሰ ድንክ ሰውዬ ጉድጓድ እየዘለለ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ ጌሙም አይናገርም። ክብሩ አራተኛው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ፤ ከዚያ ክረምቱ አለቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት አጎቱ ማሽኑን ሸጡት። እነሆ ሰውዬው ሃያ ምናምን ዓመት አፋፉ ላይ ቆሟል። በአዲሱ ጠፍጣፋ ስክሪን ሞክሮት፣ ሰውዬው ውኃ የነካው ጋዜጣ ይመስል ድብዝዝ አለበት። "የዚያን ጊዜ ሥዕል የዚያን ጊዜ መስታወት ይፈልጋል፣ ጋሽ አንጁሎ" አለኝ። አባባሉ አማረኝና እሺ አልኩ። ያማረ አባባል ስንቱን ነገር አስጀምሮኛል መሰላችሁ።

ሥራው እንዳሰብነው ቀላል አልሆነም። ኮምፒውተሩ ሥዕሉን የሚልክበት ፍጥነት ለሞኒተሩ አልሆነውም፤ ክብሩ ሁለት ቀን ፕሮግራም ሲጭንና ሲነቅል ሰንብቶ አዘገየው። እኔ የኮምፒውተሩን ገመድ ቆርጬ ሽቦዎቹን ለየሁ፤ ቀዩን ለቀይ፣ አረንጓዴውን ለአረንጓዴ፣ ሰማያዊውን ለሰማያዊ። አራተኛው መስመር ቀለም የለውም። ሥራው ሥዕሉን "እዚህ ጀምር፣ እዚህ ጨርስ" ማለት ብቻ ነው። እሱ ከላላ ቀለሙ ሁሉ አለ፣ ሥዕሉ ግን አይቆምም፤ እንደሚተረተር ጣቃ ጨርቅ ከታች ወደ ላይ ይሮጣል። እንግዲህ ሦስቱን በሥነ ሥርዓት በየድኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ ደከመኝና ነገ እበይደዋለሁ ብዬ በናስትሮ አሰርኩት።

ነገ ያልኩት ነገር ሁሉ መጨረሻው እንዲህ ነው።

ሣጥኑ ከባድ ስለሆነ ከሱቄ አጭር ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጥነው። ክብሩ ሥዕሉ እንዲቆምለት ገመዱን ሲነካካ በጉልበቱ ነው። ይኸኔ ባትሪ ድንጋይ ልትገዛ ብቅ ያለች የሰፈራችን ሴት አንድ የተከበረ ሰው በሣጥን ፊት ተንበርክኮ "በናትህ ቁም፣ በናትህ" ሲል አየች። ድንጋዩን ሳትገዛ ሄደች። እሷ ለአምስት፣ አምስቱ ለአምስት አምስት። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ አማረች በር ላይ ቆማ፣ "የምሕረት አባት፣ ጣዖት ቤት ከፍተሃል አሉ" አለችኝ።

ምሕረት ልጃችን ነች። ሠርጓ አራት ሳምንት ቀርቶት ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ሙሽራዋን እጇን ይዞ ወደ ፊት የሚያመጣት አባቷ ነው። አባትየው በሥነ ምግባር ጉድለት ከታገደ ግን እንኳን ሙሽራ ሊያመጣ፣ እገዳው እስኪነሳ የኋላ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ምሕረትን ገና በእግሯ መሄድ ስትማር እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ። በሠርጓ ቀን አጎቷ ይዟት ሲሄድ ከኋላ ሆኜ ማየት ታየኝና ራቴን ተውኩት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ሱቄ ድረስ መጡ። ከፊት ጋሼ ባልቻ ናቸው። ከመንገድ ሥራ ፎርማንነት ጡረታ የወጡ፣ እጃቸው አካፋ የሚያህል፣ ጸሎታቸው እስከ ቦዲቲ የሚሰማ ሰው ናቸው። ከሌሎቹ አንዱ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ ነው፤ ሌላው ጋሼ ባልቻ ያሉትን የሚደግፍ። ሞኒተሩ በርቷል፤ ቀይ ካናቴራው ሰውዬ እንደ ልማዱ ሽቅብ እየሮጠ ነው። ጋሼ ባልቻ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ "ይሄ ነገር ዕረፍት የለውም" አሉ። ስለ ገመዱ ላስረዳ አፌን ስከፍት "ቆይ" ብለው ኮታቸውን አወለቁ።

ጋሼ ባልቻ ለበሽተኛ ሲጸልዩ የራሳቸው ልማድ አላቸው። ቀኝ እጃቸውን ግንባር ላይ፣ ግራቸውን ጀርባ ላይ ያደርጋሉ፤ በሽታው በኋላ በኩል እንዳያመልጥ ነው ይላሉ። ሣጥኑንም እንዲሁ ያዙት። ቀኙን አናቱ ላይ፣ ግራውን ከጀርባው፣ ልክ አራተኛው ሽቦ ላይ። "ጎዳው" ብለው፣ ጌታ ሆይ ማለታቸው ነው፣ ጸሎቱን ጀመሩ።

ሥዕሉ ቀጥ አለ።

እጃቸውን አነሱ። ሮጠ። ጫኑ። ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከሩት፤ ቆመ። ጸሐፊው መጻፍ ጀመረ፤ አጮልቄ ሳይ "ሣጥኑ በጸሎት ረጋ" ይላል። ክብሩ እኔን ያያል፣ እኔ ጫማዬን አያለሁ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ሦስት ሽማግሌ በደስታ እያለቀሰ "ናስትሮው ነው" የሚል ሰው እናንተ ታውቃላችሁ?

ከዚያ ውሳኔ መጣ። ሣጥኑ ለጸሎት ስለታዘዘ አይሰበርም፤ ነገር ግን በጋሼ ባልቻ እጅ ሥር ካልሆነ አይከፈትም። በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት እየመጡ ይጸልዩበታል። ሥዕሉ ያለ እጅ በራሱ የቆመ ዕለት የአንጁሎ ጉዳይ ይዘጋል፤ እስከዚያ ድረስ የሠርጉ ነገር በእንጥልጥል ይቆያል።

ተመልከቱ እንግዲህ። የልጄ ሠርግ በአንዲት ጠብታ ብየዳ ላይ ተንጠለጠለ። መበየጃዬን ሰክቼ አንድ ጊዜ ነካ ባደርገው ሥዕሉ ይቆማል፤ እኔም ነጻ እወጣለሁ። አማረች ነገሩን ነግሬያት "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ በይደው እንጂ" አለች። ክብሩም በይደው አለ። እኔ ግን መበየጃውን ባነሳሁ ቁጥር ያ ቃለ ጉባኤ ይታየኛል። እኔ የሠራሁትን ሥራ እግዚአብሔር ሠራ ተብሎ በማኅተም ሊጸድቅ ነው። ሰው ያልሠራውን ሠራሁ ሲል ስንት ጊዜ ሰምተናል፤ እሱን ለምደነዋል። በእግዚአብሔር ስም የሐሰት ሪፖርት ማቅረብ ግን ከበደኝ። እውነቱን እንዳልናገር ደግሞ ጋሼ ባልቻን በከተማው ፊት ማዋረድ ነው፤ የተዋረደ ሽማግሌም ለሠርግ አይመችም።

እንዲህ ሆኜ ቀናቱ ሄዱ። ጋሼ ባልቻ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ፣ ሣጥኑን ያቅፋሉ፣ ይጸልያሉ። ሥዕሉ የሚቆመው ያኔ ብቻ ስለሆነ ክብሩም በመሐል ይጫወታል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጋሼ ባልቻ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። በአራተኛው ቀን አንዱን ዓይን ከፈቱ። በስድስተኛው ቀን በጸሎቱ መሐል "ከበስተቀኝህ ነው፣ ከበስተቀኝህ" ሲሉ ሰማኋቸው። መብራት ሲጠፋ እጃቸውን አያነሱም፤ በጠቆረው ሣጥን ላይ እንደጫኑ ሆነው ስለ ባለሥልጣኖቻችን ይጸልያሉ፤ ሲመጣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ወሬውም ሥራ አልፈታም። ከቦዲቲ ሥዕሉ የሚንቀጠቀጥ ቴሌቪዥን በአውቶቡስ አናት ታስሮ መጣ። ከገሱባ አንድ ሰው ድምፅ ያቆመ ሬዲዮ በነጠላ ጠቅልሎ እንደ ታመመ ሕፃን አቅፎ መጣ። ጋሼ ባልቻ ማንንም አልመለሱም። ሬዲዮው ግን ግንባሩ የት እንደሆነ ስላላወቁ ትንሽ ተቸግረዋል።

በአሥራ አንደኛው ቀን አልቻልኩም። ሱቁ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነን። ሰውዬው ሦስተኛውን ጉድጓድ ዘሎ ወደ አራተኛው እየሄደ ነው።

"ጋሼ" አልኳቸው፣ "እጅዎ አይደለም። ሽቦው ነው። ግራ እጅዎ ሲጫነው ይገናኛል። ነገ እበይዳለሁ ብዬ የተውኩት እኔ ነኝ።"

ክብሩ ሰውዬውን አፋፉ ላይ አቆመው። ጋሼ ባልቻ ዞር ብለው አላዩኝም። እጃቸውንም አላነሱም።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"የመጀመሪያው ቀን።"

እኔ በሐሳቤ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ምሕረት ከአጎቷ ጋር ስታልፍ እያየሁ ነበር። የግራ እጃቸው ጣቶች ሽቦውን ቀስ ብለው ሲዳብሱ አየሁ።

"ክብሩ" አሉ፣ "ዝለል።"

ክብሩ ዘለለ። ሰውዬው አየር ላይ ትንሽ ቆየና ማዶ አረፈ። ከማዶ ምን አለ መሰላችሁ? አምስተኛ ጉድጓድ። ክብሩ ግን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ጋሼ ባልቻ ያን ጊዜ እጃቸውን አነሱ፤ ሥዕሉ ሽቅብ መሮጥ ጀመረ፤ እሳቸውም ኮታቸውን እየለበሱ "አሁን በይደው" ብለውኝ ወጡ።

በእሑዱ ፕሮግራም መጨረሻ ማይክሮፎኑን ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። በጉባኤው ፊት ቆመው የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። ሽቦ ነበር፣ ሳላውቅ ስጫነው ነበር የቆመው፣ አንጁሎ እውነቱን ስለነገረኝ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ልጁንም ይዞ ይመጣል አሉ። ሰው ሁሉ እንባውን ጠረገ። ሲወጣ የሚባባለውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ትሕትናቸውን አያችሁ?" ይላሉ። ጸሐፊውን ቃለ ጉባኤውን አስተካክል ቢሉት፣ "ማኅተም አርፎበታል እኮ" ብሎ መለሰላቸው። የተበላሸ ቴሌቪዥንም ከየአገሩ መምጣቱን አላቆመም። ጋሼ ባልቻ እኔ ጋ ይልኩታል፤ እኔ እበይደዋለሁ፤ ባለቤቱ ሲወስድ "ጋሼ ባልቻን እግዚአብሔር ይባርካቸው" ብሎኝ ይሄዳል። አሜን ከማለት በቀር ምን እላለሁ።

የሠርጉ ቀን ምሕረትን እጇን ይዤ ወደ ፊት አመጣኋት። ለሙሽራው ሰጥቻት ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። ጋሼ ባልቻ ለጸሎት ተጠሩ። እጃቸውን በልማዳቸው ዘረጉ፤ ሁለቱ አንገታቸውን ደፉ፤ ከእጃቸው ትልቅነት የተነሳ ሙሽሮቹ እንደ ጫጩት ሆኑ። ያኔ ከጎኔ የተቀመጠ፣ ከወንዱ ወገን ከዲምቱ የመጣ፣ በዕድሜዬ አይቼው የማላውቅ ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ወንድሜ፣ ሥዕሉን ያቆሙት እኚህ ናቸው አይደል? እጃቸውን ሲያነሱስ፣ ልጆቹ ባሉበት ይቆያሉ?"