ጋሼ አኳሪየም ሲገጥም

[ሳሎን። ጠረጴዛ ላይ ውሃ የሞላ አኳሪየም፤ ከሥሩ ወለሉ ላይ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ። ዓሦቹ ባልዲ ውስጥ ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ወለሉ ርሷል። ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ፣ ካቻቢቴ ጆሮው ላይ ሰክቷል፤ ሚስቱ እትዬ ሥራ ላይ ናት። ታናሽ ወንድሙ ባዶ እግሩን፣ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል።]

ጋሼ፦ እጅህን አስገባ አልኩህ እኮ!

ታናሽ፦ የት?

ጋሼ፦ የት ይሆናል? ውሃው ውስጥ ነዋ! ማሞቂያው ተንጋዷል፣ አቃናው።

ታናሽ፦ መጀመሪያ ስፒናውን ልንቀለው?

ጋሼ፦ ምን ሊያደርግልህ?

ታናሽ፦ ኤሌክትሪክ እንዳይይዘኝ ብዬ።

ጋሼ፦ ወይ ጣጣዬ! እትዬህ ከሥራ ሳትመለስ ዓሦቿ ካልገቡ ባልዲውን እኔ ጭንቅላት ላይ ነው የምትደፋው። እሱ ደግሞ እዚህ ቆሞ ይንቀጠቀጥልኛል!

ታናሽ፦ መመሪያው ላይስ ምን ይላል?

ጋሼ፦ ጣልኩት። መመሪያ የሚጻፈው ለማያውቅ ነው።

ታናሽ፦ ጋሼ፣ ይሄ ገመድ እኮ ከውሃው ቀጥ ብሎ ማከፋፈያው ላይ ወርዷል።

ጋሼ፦ ታዲያ በጎረቤት ዞሮ ይምጣ?

ታናሽ፦ ውሃው ገመዱን ተከትሎ ሶኬቱ ውስጥ ይገባላ። ማከፋፈያውን ግድግዳው ላይ ከፍ አድርገን ብንሰቅለው፣ ገመዱንም መሃሉን ረገብ ብናደርገው፣ ውሃው እዚያው ይንጠባጠብ ነበር።

ጋሼ፦ ውሃ ገመድ ተከትሎ! አንተ እንኳ መንገድ ተከትለህ እዚህ ቤት ስትመጣ ሁለቴ ትጠፋለህ፤ ውሃ ነው የሚያውቀው?

ታናሽ፦ እሱስ እውነት ነው። ይሄ የተጠቀለለውስ ምንድን ነው?

ጋሼ፦ ገመዱ አጠረኝ፣ ቀጠልኩት።

ታናሽ፦ በፌስታል?

ጋሼ፦ ናስትሮ አልቆብኝ ነው። ፌስታል ውሃ ያስገባል? አያስገባም። አለቀ! ሳይንስ ማለት ይሄ ነው።

ታናሽ፦ [ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል] ፓምፑ ድምፅ የለውም።

ጋሼ፦ ጥሩ ፓምፕ አይጮህም። የሚጮኸው ርካሹ ነው።

ታናሽ፦ አረፋም አያወጣም።

ጋሼ፦ አረፋ ከፈለግክ ሳሙና ግዛ!

ታናሽ፦ መብራቱስ?

ጋሼ፦ ቀን አይደል እንዴ? ይሄ ዘመናዊ ነው፣ ቀኑን ከሌሊት ይለያል። አንተ ነህ የማትለየው። በል አስገባ!

ታናሽ፦ እፈራለሁ።

ጋሼ፦ [አንድ ዓሣ ከባልዲው ቀድቶ አኳሪየሙ ውስጥ ይለቃል] ይኸው! እየዋኘ ነው። ኤሌክትሪክ ቢኖርበት ኖሮ ይሄኔ ተጠብሶ አልነበር?

ታናሽ፦ እሱ መሬት አልረገጠማ። እኔ ግን በባዶ እግሬ ውሃ ላይ ቆሜያለሁ። እጄን ካስገባሁ በእኔ አድርጎ ወደ መሬት ይወርዳል።

ጋሼ፦ ኧረ በሕግ! ዓሣ የደፈረውን የሚፈራ ሰው! አንድ እናት ነው የወለደችን ብል ማን ያምነኛል?

ታናሽ፦ እንግዲያው አንተ አስገባ።

ጋሼ፦ እኔ?

ታናሽ፦ አዎ፣ አንተ።

ጋሼ፦ እኔማ... እኔ እኮ አስተባባሪ ነኝ።

ታናሽ፦ ዓሣው እያየህ ነው፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ [ላቡን ይጠርጋል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ እጁን እስከ ክርኑ ይነክራል። አንድ ዓይኑን ይገልጣል] ይኸው! ምን ሆንኩ? ምን ሆንኩ ነው የምልህ!

ታናሽ፦ ምንም።

ጋሼ፦ ውሃው ራሱ ለብ ብሏል! ማሞቂያው እንዴት እንደሚሠራ! አንተ እንዲህ ያለውን ሙቀት ሳታየው ልትሞት ነበር። እኔን እኮ ኤሌክትሪክ ይፈራኛል። ካውያውን ስጠግን ነካኝ? ማቀዝቀዣውን ስፈታ ነካኝ? የደም ጉዳይ ነው። የአንዳንድ ሰው ደም አይቀበለውም።

ታናሽ፦ ጋሼ፣ ብሬከሩን አጥፍቼው ነው።

ጋሼ፦ የቱን?

ታናሽ፦ የቤቱን በሙሉ። ገና ስገባ።

[ጋሼ እጁን ከውሃው ማውጣት ረስቷል።]

ጋሼ፦ እና ይሄ ሙቀት?

ታናሽ፦ ላብህ ይሆናል።

ጋሼ፦ ካጠፋኸውማ ለምን ራስህ አላስገባህም?

ታናሽ፦ አንተ እያለህ? ሄደህ ብታበራውስ? ስፒናው ካልተነቀለ እጄን ከኪሴ አላወጣም።

ጋሼ፦ ቆይ፣ ካውያውን የጠገንኩ ቀንስ?

ታናሽ፦ አጥፍቼው ነበር።

ጋሼ፦ ማቀዝቀዣውንስ?

ታናሽ፦ ያኔም። አንተ ካቻቢቴ ባነሳህ ቁጥር እትዬ ትደውልልኛለች፤ እኔም ሥራዬን ጥዬ እሮጣለሁ። ብትሞትብን ምን እንሆናለን?

ጋሼ፦ [እጁን ከውሃው ያወጣል] ይሄን ሁሉ ጊዜ አውቀህ እንደ ጅል ስታየኝ?

ታናሽ፦ እሷ ናት እንዳትነግረው ያለችኝ። «ካወቀ ያኮርፋል፤ ካኮረፈ ከቤት አይወጣም፤ ከቤት ካልወጣ ሌላ ዕቃ ይፈታል» ብላ።

[ጋሼ ካቻቢቴውን ወርውሮ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። ታናሽ ስፒናውን ይነቅልና ስልኩን ያወጣል።]

ታናሽ፦ አቤት እትዬ... ደህና ነው፣ ዓሦቹም ደህና ናቸው... አዎ፣ አወቀ... አዎ፣ አኩርፏል... [ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ያነሳል] እሺ፣ ካቻቢቴውን ይዤው እሄዳለሁ።