ባሮ የዋጠው ቅጽል

ባለሥልጣን ጥናት ይጠላል የሚሏችሁን አትመኑ። ጥናትማ ይወዳሉ! ያስጠናሉ፣ ያስጠርዛሉ፣ ከፍ አድርገው ይዘውት ፎቶ ይነሳሉ። የሚከብዳቸው መግለጡ ብቻ ነው።

ባሮ ዳር ባምያና ቲማቲም ለምናለማው የውኃ ፓምፕ ሊተከልልን ሆነ። እናቴ በጋ በመጣ ቁጥር በባልዲ ስትቀዳ ወገቧ ሊቆረጥ ደርሶ ነበርና ዜናውን ስትሰማ እልል አለች። አጥኚዎች መጡ፤ ለኩ፣ ጠየቁ፣ ጎርፉ የት ድረስ እንደሚወጣ አዩ፤ እንደ ጡብ የወፈረ ሰነድ አስረክበው ሄዱ።

የውኃ ቢሮው ኃላፊ አስጠሩኝ።

«አንተ ግጥም ትጽፋለህ አሉ። ይህን በአንድ ገጽ አሳጥርልኝ።»

አሳጠርኩ።

«ረዘመ።»

ወደ አንድ አንቀጽ አወረድኩት።

«አሁንም ረዘመ። እኔ ውሳኔ ሰጪ ነኝ እንጂ አንባቢ አይደለሁም።»

በመጨረሻ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀረች፦ «ፓምፑ ወንዙ ዳር ከፍ ባለ ቦታ ይተከል።» ኃላፊው እስክሪብቷቸውን መዘዙ።

«'ከፍ ባለ' ምንድን ነው?»

«ክረምት ባሮ ሲሞላ እኮ ጋሼ...»

«እናንተ ገጣሚዎች ቅጽል ስትወዱ! ይሄ ፖሊሲ ነው፣ ልጄ። ቅኔ አይገባበትም» ብለው ሰረዙት። ግጥሜን የሚያርምልኝ ሰው ስፈልግ ኖሬ፣ አራሚ ያገኘሁት ያን ዕለት ነው።

ፓምፑ ውኃው ጫፍ ላይ ተተከለ። ሪባን ሲቆረጥ ወንዙ ከጀርባ መታየቱ ለፎቶው ተስማማ። ክረምት ገባ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ባሮ ግን በማሳሳቅ ጊዜ አላባከነም፤ ፓምፑን ከነቤቱ ይዞት ወረደ። ከዚህ ከድሮው የወንዝ ወደብ ወደ ሱዳን በመርከብ ዕቃ መላክ ከቆመ ስንት ዘመኑ... ይኸው የእኛ ፓምፕ መስመሩን ከፈተው።

ኃላፊው ሊጠይቁን የመጡት ውኃው ጎድሎ እናቴ ወደ ባልዲዋ ከተመለሰች በኋላ ነው። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አቀርቅረው፣ «እግዚአብሔር ጥናቱን ይስጣችሁ» አሉን።

ጎረቤታችን ማማ አቻላ አማርኛ የለመዱት ገበያና ስብሰባ ላይ ነው። «ጥናት» ሲባል የሚያውቁት ያን ወፍራም ሰነድ ብቻ ነው። ሰውንም ሁሉ «አንተ» ነው የሚሉት።

«አይ፣ ጥናት ይቅርብን» አሉ እጃቸውን እያወዛወዙ። «ያንንም አላነበብከው። እግዚአብሔር ፓምፑን ይስጠን።»

እናቴ የባልዲዋን እጀታ እንደጨበጠች የኃላፊውን አፍ አፍ ታያለች። እሳቸው ጥቂት አሰቡና ወደ ረዳታቸው ዞር አሉ።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉት። «ይጠና።»