ከራሴ የራቅሁባቸው ወራት

በሬ ከጠፋ እረኛው ይጠየቃል። ሰው ከጠፋ ዘመድ ይፈልገዋል። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ከራሱ ሲጠፋ ግን ለማን ይነገራል? ለፖሊስ? «መልኩ እንዴት ነው?» ሲሏችሁ «ይኸው፣ እኔን ይመስላል» ልትሉ ነው? እኛ ደግሞ «ቤቴ ቤቴ፣ የገመናዬ ከታች» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነንና፣ ገመናውን ስንከት ስንከት እኛም አብረን ተከተን እንቀራለን። ደርሶብኝ ነው የማወራችሁ።

ኮሮና የገባ ሰሞን ነው። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ፣ ከገበያው ጀርባ ነው፤ ሥራዬ ማስተማር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጀመሪያ ደስ አለኝ። (እናንተም ደስ ብሏችኋል፣ አትዋሹ።) በሁለተኛው ወር ግን አንድ ጠዋት እጄን በሳሙና ስታጠብ እጆቼ የሌላ ሰው መሰሉኝ። ይታዘዙኛል፤ የኔ ግን አይደሉም። ባለቤቴ ራህመት ስታወራኝ ድምጿ ግድግዳ አልፎ የሚመጣ ይመስለኛል። «እሺ» እላለሁ፤ «እሺ» ያለው ማን እንደሆነ እንጃ። ይህንንም ቻልኩት። ያስደነገጠኝ፣ የአራት ዓመቷ ልጄ ሀያት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስትስቅ ምንም ያልተሰማኝ ዕለት ነው። ምንም።

«አለቀልኝ፣ አበድኩ» አልኩ። ለማንም ግን አልተነፈስኩም። በኛ አገር እብድ ከመባል የኮሮና በሽተኛ መባል ይሻላል፤ እሱ እንኳ አሥራ አራት ቀን ተቆጥሮለት ይለቀቃል።

ከአጥራችን ማዶ አባ ቢያ የሚባሉ በርጩማ ጠራቢ ሽማግሌ አሉ። አንድ ከሰዓት ግቢዬ ውስጥ ፈዝዤ ቆሜ አዩኝ።

«መምህር፣ ማል ታቴ? ምን ሆነሃል?»

«ደህና ነኝ» ልል አፌን ስከፍት እውነቱ አምልጦኝ ወጣ። «አባ ቢያ፣ እጄ የኔ አልመስል አለኝ። ልጄን አቅፌ ምንም አይሰማኝም።»

መጥረቢያቸውን መሬት አስቀመጡ። «ዋላሂ፣ እኔም ሁለት ሳምንቴ ነው። እዚህ ቁጭ ብሎ የሚጠርበውን ሽማግሌ ከሩቅ ሆኜ አየዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ሰውየው ሥራ ያውቃል፤ ዝም አልኩት።»

ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቁ የራሴ ነበር።

«ለሚስቴ ግን አልደበቅሁም» አሉ ቀጥለው። «አንተም ግባና ንገራት።»

ገባሁና ነገርኳት። ራህመት የምትልጠውን ሽንኩርት እንደያዘች ትክ ብላ አየችኝ። «እኔ እኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር» አለችና አለቀሰች። (ሽንኩርቱ ነው እንዳትሉኝ።)

ከዚያ ወዲህ በየከሰዓቱ ማስካችንን አጥልቀን፣ ሀያትን መሀል አድርገን ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ በእግራችን እንሄድ ጀመር። ስሜቴ በአንድ ቀን አልተመለሰም። አንድ ጊዜ ሀያት ስትዘል ጣቴን ረገጠችኝና «ወይኔ!» ብዬ ጮህኩ። አመመኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ራህመት ጣቴን ይዤ ስስቅ አይታ፣ ይኼኔ ነው በእውነት አበደ ያለችው።

ትምህርት ቤት ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ስም ጠራሁ። «አለሁ»፣ «አለሁ» ይላሉ ከየማስካቸው ጀርባ። ስጨርስ ከኋላ አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ የእርስዎን ስም ማን ይጠራል?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ።

«አለሁ» አልኳት። ትንሽ አርፍጃለሁ፤ ያረፈደ ደግሞ ቀሪ አይባልም።