የጓሮ በራችን ኑዛዜ

አገራችን ውስጥ «እንዴት ነህ?» ተብሎ «ደኅና አይደለሁም» ብሎ የሚመልስ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። እኔ በሕይወቴ የገጠመችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷ ጋ እንደርሳለን። አጎቴ በቃሬዛ ተጭኖ ሆስፒታል ሲገባ በር ላይ ያገኘው ወዳጁ እንዴት ነህ ቢለው፣ «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ የሰውየውን ልጆች፣ ከብቶችና አዝመራ ሳይቀር ተራ በተራ ጠየቀ። አሰላ ገበያ ላይ በኦሮምኛ ብትጠይቁም ያው ነው። ሰውየው ፈያ፣ ማለትም ደኅና ነው፣ ልጆቹ ፈያ ናቸው፣ ትናንት ገደል ከገባችው ላም በቀር ከብቶቹም ፈያ ናቸው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሕዝብ «ራስህን መርምረህ ጉድለትህን በፈቃድህ ተናገር» ማለት ምን ዐይነት ድፍረት ነው?

ድፍረቱን ያሳየችው ከአካባቢና ከሥራ ደኅንነት ቢሮ የመጣች ባለሙያ ናት። እኔ ከአሰላ ወደ ኢተያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። ባለሙያዋ የፋብሪካ ባለቤቶችንና እኔን መሰል አጃቢዎቻቸውን አዳራሽ ሰብስባ አዲስ አሠራር መምጣቱን አበሰረችን። ማንም ድርጅት ራሱን በራሱ መርምሮ፣ ተቆጣጣሪ ሳይደርስበት ጥፋቱን ቀድሞ ከተናገረና ለማረም ቃል ከገባ አይቀጣም፤ የተናገረው ነገር ተመልሶ ማስረጃ አይሆንበትም፤ ለማስተካከያም እስከ ስድስት ወር ይሰጠዋል። ሳይናገር የተገኘበት ግን ወዮለት። በየትኛው አዋጅ፣ በስንተኛው አንቀጽ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ጠበቃ አይደለሁም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ባለ ፋብሪካ ሁሉ የጎረቤቱን ጥፋት ለመናዘዝ እዚያው ዝግጁ ነበር። ባለሙያዋ የሚፈለገው የራሳችሁ ነው ስትል ሁሉም ሰዓቱን ማየት ጀመረ።

የፋብሪካችን ባለቤት ጋሽ ደረጀ መጀመሪያ አላመኑም። ቅድመ አያታቸው አርሲ ከሰፈሩ ጀምሮ በቤተሰባቸው በገዛ እግሩ ሄዶ ጥፋቱን ለመንግሥት የተናገረ ሰው እንደሌለ፣ ለነፍስ አባት እንኳ የሚነገረው ተመርጦ እንደሆነ መኪና ውስጥ አስረዱኝ። «አይቀጣም» የምትለዋ ቃል ግን ውስጣቸው ገብታ ስትሠራ አደረች። በማግስቱ ቢሮዬ መጥተው፣ ገና ወደፊት የምናጠፋውንም አብረን መናዘዝ እንችል እንደሆነ ጠየቁኝ።

እኔ በበኩሌ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዱቄት ተመዝኖ ከረጢቱ የሚሰፋበት የማሸጊያ ክፍል ከፋብሪካው ጀርባ ነው። እዚያ ዘይነባና ጓደኞቿ ይሠራሉ። የሚገቡት በወፍጮው ክፍል በኩል ነው፤ የሚወጡትም በዚያው ነው። በጓሮ በኩል ለአደጋ ጊዜ የተሠራ በር አለ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ በዚያ ዱቄት ወጥቷል ተብሎ ከውስጥ በኩል ትልቅ ጓጉንቸር ተገጥሞበታል፤ መክፈቻውም ከጋሽ ደረጀ ኪስ አይወጣም። የዱቄት ብናኝ አየሩን ሲሞላው ለመፈንዳት አንዲት ብልጭታ ብቻ እንደሚበቃው ስንቱ ያውቃል? ዘይነባ ታውቃለች። እንዴት ነሽ ባልኳት ቁጥር፣ «ምን ደኅና አለ፣ ኦቦ ግርማ? ወፍጮው ቢነድ እኛ በየት ነው የምንወጣው? በመርፌ ቀዳዳ?» ትለኛለች። ያቺ ያልኳችሁ ሴት እሷ ናት።

ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔ፣ መካኒኩ ቱሉና የመጋዘን ኃላፊዋ ወይዘሮ አልማዝ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ምሳ መጋበዝ በእኛ ቤት የቆየ ወግ ነው። ጋሽ ደረጀም ራሳችሁን ስትመረምሩ ከሰው አታንሱም ብለው ሙክት አሳረዱ። አስቡት፤ ምርመራው ሳይጀመር ራሳችንን በጥብስ ደልለን ጨረስን። ከጥብሱ በኋላ ደግሞ ማን በማን ላይ ይጨክናል? ወይዘሮ አልማዝ የቱሉን ልጅ ክርስትና አንስታለች፤ እኔና ቱሉ አንድ እድር ነን። የትልቁ ወፍጮ ቺንጊያ፣ ማለት የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ዳርና ዳሩ ተበልቶ ክሩ ሲንጠለጠል ሦስታችንም ቆመን አይተናል። ቺንጊያው እንዴት ነው ብዬ ቱሉን ጠየቅሁት። ፈያ ነው፣ ምንም አይል አለኝ። ደኅና ነኝ ያለን ሰው ሸሚዝህን አውልቅና አሳየኝ ይሉታል እንዴ? አለፍነው። ቱሉም መጋዘኑን ሲመረምር ያየውን አልፎ ለልጁ ክርስትና እናት ውለታዋን መለሰ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ሦስታችንም እናውቀዋለን። ግን ተረቱ የሚያወራው ስለ ራስ በሽታ ነው፤ ስለ እድር ጓደኛ በሽታ ምንም አላለም።

እናም የተናዘዝናቸው ጥፋቶች የማንንም ፊት የማያጠቁሩ ሆኑ። መታጠቢያ ቤቱ ሳሙና የለውም፤ ግቢው ውስጥ ያለው ባሕር ዛፍ ቅጠል ያራግፋል። የጓሮውን በር ግን ሙጭጭ ብዬ አስገባሁት። የቆለፉት ራሳቸው ስለሆኑ ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ፣ ጋሽ ደረጀ ጭራሽ ደስ አላቸው፤ ምሕረት በተገኘበት ቀን ሳሙና ብቻ ይዞ መቅረብ ያሳፍራል አሉ። ባለሙያዋ መጣች፣ በሩን አየች፣ ሳንደብቅ በመናገራችን አመሰገነችን። ከውጭ የማይከፈት፣ ከውስጥ ግን ሲገፉት የሚከፈት በር በስድስት ወር ውስጥ እንድናስገጥም ጽፋ፣ ፈርማና ማኅተም አድርጋ ሄደች።

በማግስቱ ጓጉንቸሩን እናንሳው ብላቸው ጋሽ ደረጀን ገረማቸው። ስድስት ወር ተሰጥቶን በአንድ ቀን? እሺ፣ አዲሱ በር እስኪመጣ መክፈቻውን ከበሩ አጠገብ ሚስማር ላይ እንስቀለው አልኩ። እንዲያ ከሆነማ ምኑን ተቆለፈ አሉኝ። ትናንት በራችን ሕግ ጥሶ የተቆለፈ በር ነበር። ዛሬ ባለማኅተም፣ ሕግ የሚጠብቀው፣ የተከበረ ቁልፍ በር ሆኗል። አሠራሩ ድርጅቱን ከቅጣት እንደሚጠብቀው ለዘይነባ ሳስረዳት በጥሞና ሰማችኝ። «ጥሩ ነው» አለች፤ «እኛንስ ማን ይጠብቀናል?» አፈርኩ። ተናደድኩም፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ዛሬም አላውቅም።

ቺንጊያው ስድስት ወር አልጠበቀም። ማን ተናዘዘለት፣ ማንስ ቀን ሰጠው? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተንሸራቶ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ጨሰ። የጎማው ጭስ የወፍጮውን ክፍል ሞልቶ ወደ ማሸጊያው ገባ፤ ሴቶቹ ወደ ጓሮው በር ሮጡ። በሩ ሕጋዊ ነው፣ አይከፈትም። እኔ በውጭ በኩል ሆኜ ቆርቆሮው በእጃቸው ሲደበደብ እሰማለሁ፤ ጋሽ ደረጀ መክፈቻውን በኪሳቸው ይዘው ስንዴ ሊያዩ ሳጉሬ ሄደዋል። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ደግነቱ ቱሉ ማሽኑን ቶሎ አጠፋው፤ ብልጭታም አልተፈጠረም። ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው በጭሱ መሃል በፊት ለፊት ወጡ። ዘይነባ የመጨረሻዋ ነበረች፤ እያሳለች መጥታ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ማንም አልተጎዳም። ጋሽ ደረጀ ሲመለሱ እግዚአብሔርን አመሰገኑ፣ ለሴቶቹ ወተት አስገዝተው አጠጡ፣ ቺንጊያውም እንዲቀየር አዘዙ። በሩስ ስላቸው፣ ገና ጊዜ አለን አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጓጉንቸሩ ተሰብሮ መሬት ላይ ተገኘ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከዱቄቱ ግን አንድ ከረጢት አልጎደለም። ምንም ሳይሰርቅ የሚሄድ ሌባ ከሚሰርቀው የባሰ አደገኛ ነው ብለው ጋሽ ደረጀ ሠራተኛውን ሁሉ ግቢ ውስጥ አሰለፉ። ያየ የለም፣ የሰማ የለም። በመጨረሻ ጣታቸው ጥበቃው ኦቦ ገመዳ ላይ አረፈ። ሽማግሌው በአላህም በልጆቹም ቢምል ማን ሰምቶት! ጋሽ ደረጀ ቢሮዬ ገብተው ወንበር ስበው ተቀመጡና የስንብት ደብዳቤውን አሁኑኑ ጻፍ አሉኝ።

እስክሪብቶ እንዳነሳሁ ዘይነባ አንኳኩታ ገባች። ሻሿን አስተካክላ፣ ከጋሽ ደረጀ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሳይደርሱብኝ ጥፋቴን በራሴ አፍ ልናገር መጣሁ» አለች። «ጓጉንቸሩን በቱሉ መዶሻ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ገመዳ ወላሂ ምንም አያውቁም። ጓጉንቸሩን አስተካክላለሁ፤ ስድስት ወር ይስጡኝ።»

ጋሽ ደረጀ ዞረው እኔን አዩኝ። እኔም ቀድሞ የተናገረ እንደማይቀጣ፣ አሠራሩ እንደዚያ እንደሆነ በኃላፊነት አረጋገጥኩላቸው። ጊዜው ተሰጣት። እስካሁን አንድ ቀን እንኳ ቀደም ብላ ለመጨረስ ስትጣደፍ አላየናትም።