ለቧንቧ ጥብቅና የቆሙት እትዬ ብርቄ

ለቧንቧ ጥብቅና የሚቆም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሰቆጣ ሳለሁ ጎረቤቴ የነበሩት እትዬ ብርቄ እንዲያ ነበሩ። ቧንቧ ግቢያቸው ድረስ የገባ ሰሞን ደስታቸው ለሰፈሩ ሁሉ ተርፎ ነበር። ውሃው ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ድንጋይ የሟሟበት ነው የሚመስለው። ሳሙና አረፋ አያወጣበትም፤ የማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ለብሷል።

«የዘንድሮ ሳሙና ምን ሳሙና አለው?» ይላሉ እትዬ።

የማርያም ማኅበር ተራቸው ደረሰና ባቄላውን ከማለዳ ጀምረው ቢቀቅሉት ጠጠር ሆኖ ቀረ። ንፍሮ ያልበሰለላት ደጋሽ ዓመቱን ሙሉ የማኅበርተኛው መሳቂያ አይደለች?

«እትዬ፣ በምንጭ ውሃ ብንሞክረውስ?» አልኳቸው።

«ውሃው ምን አጠፋ፣ ልጄ? እልኸኛው ባቄላው ነው፤ ከጋዝጊብላ ወረዳ የመጣ ባቄላ።»

እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ነኝና፣ ቤቴ ሌላ ድስት በምንጭ ውሃ ጥጄ ነበር። እትዬ የማኅበሩን ቄስ ሊቀበሉ ወደ ደጅ ብቅ ሲሉ፣ ድስቴን አምጥቼ ንፍሮውን ቀየርኩት። ጥርስ የከዳቸው አባ ዘገን አድርገው አኘኩ፤ ደገሙም።

«ብርቄ፣ ይኼስ ቅቤ ነው» አሉ።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አየሽ? ቧንቧን በከንቱ ነው የምታሙት።»

አልዋሸሁም፤ ዝም ነው ያልኩት። ከአገር ከወጣሁ ስንት ዘመኔ፤ ያ ዝምታ ኃጢአት ይሁን አይሁን ግን የነፍስ አባቴን ለመጠየቅ እስካሁን አልደፈርኩም። የነፍስ አባቴ እኮ እኒያው ንፍሮውን የደገሙት አባ ናቸው።