በቀኝና በግራ መካከል የተጋደመው መስመር

ትናንት ከቅዳሴ መልስ ጋደም ባልሁበት ሕልም አየሁ። ሰሞኑን በክልላችን የምርጫ ወሰኖች እንደ አዲስ ይሠመሩ ወይስ ይቅር የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ውጤቱን እንጠብቅ ነበር። አጥቢያችንም ወሰኑን ተከትሎ ይከፈላል ስለ ተባለ፣ ካርታውን ራሴ አይቼ ብረጋጋም ከግራ ጌታ አያልነህ እንዳልለይ አልፎ አልፎ እሰጋ ነበር። አርባ አንድ ዓመት በማኅሌት ፊት ለፊት ቆመናል፤ እኔ ቀኝ ጌታው በቀኝ እመራለሁ፣ እርሱ ከወንዝ ማዶ መጥቶ በግራ ይቀበለኛል።

በሕልሜ እጩዎቹ በፀሐይ ተሰልፈው፣ እኛ መራጮቹ በጥላ ተቀምጠን ነበር። አንዱ እጩ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ግንባሬ ላይ አተመና፣ «እርስዎን መርጫለሁ፤ የወንዝ ማዶዎቹ ግን አይመቹኝም» አለኝ።

«ምን አደረጉህ?»

«ያውቁኛላ።»

ወዲያው ወሰኑ ራሱ ቀይ መስመር ሆኖ እየተሳበ መጣ። ጫማውን በደጅ አውልቆ ቤተ ክርስቲያን ገባና፣ «አባቶቼ፣ ደክሞኛል፤ የት ልጋደም?» አለ። ተራራው ቦታ የለኝም አለ፤ ወንዙም ሽማግሌ ልኮ እምቢ አለ። መስመሩም በእኔና በአያልነህ መካከል ተጋደመ።

ዜማውን አነሣሁ። የአያልነህ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ አንዳች ግን አይሰማኝም። በመስመሩ ላይ መነጽር ያደረገ ጉሬዛ ዘብ ቆሟል።

«ልጄ፣ የወንድሜን ዜማ አሳልፍልኝ» አልሁት።

«የማዶ ዜማ የሚደመጠው በማዶ ምርጫ ክልል ነው፣ አባቴ። ከዚህ ወዲህ የተመዘገበ ተቀባይ የለዎትም?»

«ከእርሱ በቀር የለኝም።»

«እንግዲያውስ ራስዎ ይቀበሉ።»

የራሴን ዜማ ልቀበል ወደ ግራ ሮጥሁ፤ ደርሼ ስዞር በቀኝ የሚመራ አልነበረም። ተመልሼ መቋሚያዬን በመስመሩ ላይ ዘረጋሁ። አያልነህ ጫፉን ሊይዝ እጁን ሲሰድ ነቃሁ።

የጂኦግራፊ መምህርት የሆነችው ልጄ አትጠገብ የወሰኑን ካርታ ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች።

«አባባ፣ አዲሱ ወሰን ጸደቀ።»

«ተመስገን። እኔም አጽድቄዋለሁ። መስመሩ እኛንም አያልነህንም ሳይነካ በምሥራቅ፣ ከተራራው ጀርባ ያልፋል።»

«ምሥራቁ የቱ ነው?»

ዕድሜዬን ሁሉ ፊቴን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መቅደሱ አዙሬ የቆምሁ ሰው ነኝና፣ የካርታውን አናት አሳየኋት።

«የካርታ አናት ሰሜን ነው፣ አባባ። መስመሩ የሚያልፈው በሰሜን፣ በወንዙ ላይ ነው።»

«አያልነህስ ሰምቷል?»

«እርስዎ ተኝተው ሳሉ ደውለው ነበር። ‹ቀኝ ጌታ ካርታውን ባስረዱኝ መሠረት እኔም አጽድቄያለሁና፣ እንኳን ደስ አለን በይልኝ› አሉ።»